ጅማቱ ከማን ይወሰድ

ጉልበቴ የተበጠሰ ዕለት በሽታዬን ያወቁልኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ንፋስ መውጫ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። መረብ ኳስ ላይ ዘልሎ ማረፍን እያሳየሁ፣ "ስታርፉ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ! ወደ ውስጥ እንዳይገባባችሁ!" እያልሁ እየጮህሁ፣ ራሴ እግሬን ገትሬ አረፍሁ። ከጉልበቴ ውስጥ "ቋ!" ሲል እኔ ብቻ ሳልሆን ፊት ለፊት የቆሙትም ሰሙት። ገና መሬት ላይ ተዘርሬ ሳለሁ ከኋላ ያለው ሰልፍ "ቲቸር፣ ኤሲኤል ነው! ኤሲኤል ነው!" እያለ ይንጫጫል። የውጭ አገር ኳስ በስልካቸው ስለሚከታተሉ የየተጫዋቹን ጉልበት ወላጅ እናቱ የማታውቀውን ያህል ያውቁታል። "ዝም በሉ! ወለምታ ነው" አልኋቸው። ባጃጅ ጠርተው ጫኑኝ።

ወለምታ አልነበረም። እብጠቱ ሲጎድል ሜዳ ላይ እንደ ድሮዬ መሄድ ጀመርሁ፤ ዳገትም ቢሆን ምንም አልል። ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ይህ ደግሞ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን እናቴን ማጣት ማለት ነበር።

እናቴ የምትኖረው ስማዳ ነው፣ መኪና አፋፉ ላይ አውርዶን ከሚመለስበት ቦታ ቁልቁል። ከአፋፉ ሆነው ሲያዩት ቤታችን ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ይመስላል። ሲወርዱት ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ ጠጠሩ ከእግር ሥር እየሸሸ፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ በእጅ ጭምር እየተያዘ ረፋዱን ሁሉ ይበላል። ለገና ልውረድ ብዬ ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ጥምዝ እንኳ ሳልጨርስ የላይኛው አጥንት በታችኛው ላይ ሸርተት ሲል ተሰማኝ። ተቀመጥሁ። ተነሣሁ። አሁንም ሸርተት። ንዴቴ ለጉድ ነው፤ ጠጠሩን ሰደብሁት፣ ጫማዬን ሰደብሁት፣ በመጨረሻ ፊቴን አዙሬ ወደ ላይ ተመለስሁ። ዳገቱን ያው እግር ደህና አድርጎ አወጣኝ፤ ይበልጥ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ከአፋፉ ላይ ቆሜ ስልክ ደወልሁላት። ነጭ ነጠላዋ ደጃችን ላይ ይታየኛል።

"ያቺ ቀይ ነገር አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ቀይ ጃኬት ለብሻለሁ።"

"እስቲ እጅሽን አንሺ።"

አነሣሁ። እሷም አነሣች። እንዲህ ሆነን በዓሉን አከበርን። እሷ ወደ ላይ እንዳትወጣ የራሷ ጉልበት ከታመመ ቆይቷል፤ ዳገቱን ከወጣችው ዓመታት አልፈዋል። እኔ ካልወረድሁ መገናኛ የለንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መውረድ።

በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ከአንድ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ደረስሁ። ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ሲናገር እጁ አርፎ የማይቀመጥ ሰው ነው። የኤምአርአዩን ፎቶ ብርሃን ላይ ለጥፎ ተመለከተና፣ "ተማሪዎችሽ ልክ ናቸው" አለኝ። ጉልበት ውስጥ የላይኛውን አጥንት ከታችኛው ጋር የሚያስር፣ ኤሲኤል የሚሉት ጅማት አለ፤ የታችኛው ወደ ፊት እንዳይሸሽ የሚይዘው እሱ ነው፤ የኔው ተበጥሷል። ተሰፍቶ ስለማይድን በሌላ ጅማት መተካት አለበት።

ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ ይፈራል አሉ። እኔ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብሁ። ዕድሜ ልኬን ስለ ጡንቻና ስለ መገጣጠሚያ ሳስተምር ኖሬ የራሴን አካል እንደ ልብስ ፈትተው ሊሰፉት ነው፤ ማን ይፈራል! "ከየት ነው የምትወስደው?" አልሁት። "እንዴት አድርገህ ነው የምታወጣው? ያወጣህበት ቦታስ ምን ይሆናል?" ተራ ጠብቀው ውጭ የተቀመጡትን ረስቼ ጥያቄ አዘነብሁበት። እሱም ጥያቄ የሚወድ ሆኖ ተገኘ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በራሱ እግር ላይ ያሳየኝ ጀመር።

ሦስት ቦታ አለ። አንደኛው ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ሰፊ ጅማት ነው፤ መሃሉን ሰንጥቀው ሲያወጡት በሁለቱም ጫፍ ቁራጭ አጥንት ይዞ ይመጣል። አጥንት ከአጥንት ጋር ቶሎ ስለሚገጥም ጥሩ ይይዛል፤ ነገር ግን መንበርከክ ለብዙ ጊዜ ያሳምማል። ሁለተኛው ከሎሚው በላይ ያለው ነው፤ የፊት ጭን ጡንቻ ከሚያልቅበት ወፍራም ጅማት ላይ ቁራጭ ይቆረጣል። ሦስተኛው ከጭን ጀርባ በውስጥ በኩል የሚወርዱትን ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ከጉልበት በታች ትንሽ በጥቶ መምዘዝ ነው። ረጃጅም ስለሆኑ ታጥፈው አራት ድርብ ይሆናሉ።

"ሦስተኛው!" አልሁ፣ አፉን ሳይዘጋ።

"ቆይ እንጂ፣ አልጨረስሁም።"

"እኔ ቁልቁለት ነው የምወርደው" አልሁት። "ቁልቁለት የሚወረደው በፊት ጭን ነው። ፍሬኑ እሱ ነው። ፍሬኔን እንዳትነካብኝ! ደግሞ ሑዳዴ ሲገባ እሰግዳለሁ፤ ጉልበቴ መሬት ሲነካ እንዲያመኝ አልፈልግም።"

ሳቀና እጁን ዘረጋልኝ፤ ተጨባበጥን። የበሬ ዋጋ የጨረስን ነበር የምንመስለው። ከዚያ ግን ሳቁን ዋጥ አደረገ። የኔ እግር ቀጭን ነው። የቀጭን ሰው ጅማትም ቀጭን ሊሆን ይችላል። አራት ድርብ ተደርጎ ስምንት ሚሊ ሜትር ካልሞላ ቁልቁለቱን ሊሸከም እንደሚችል እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ያን ጊዜ ከደህናው እግሬ መጨመር ሊኖርበት ነው። ሁለት የቆሰለ እግር ይዤ ስንት ጊዜ እንደምተኛ እኔም ገባኝ። "ሳልከፍተው ውፍረቱን በእርግጠኝነት ልነግርሽ አልችልም" አለኝ። "የሚገርመው ግን የወሰድንበት ቦታ ላይ ጅማቱ ብዙ ጊዜ መልሶ ይበቅላል።"

"ይበቅላል? እንደ ሣር?"

"እንደ ድሮው ባይሆንም ይበቅላል።"

ከሆስፒታሉ ስወጣ በደስታ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ወዲያው እናቴ ዘንድ ደወልሁ። ገደል ውስጥ ያለ ስልክ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል። "የተበጠሰውን በሌላ ጅማት ይተኩልኛል!" አልኋት። "ተማን ወስደው?" አለች። ልመልስ ስል ኔትወርኩ ሄደ። ደግሜ ደጋግሜ ሞከርሁ፤ አልገባ አለ። ሲመጣ እነግራታለሁ ብዬ ተውሁት፤ የቀዶ ሕክምናውን ቀን ብቻ በመንገደኛ ላክሁባት።

ታች እናቴ መንደር ግን ጥያቄው ሳያድር ተዳረሰ። ሆስፒታል ደም ሲፈልግ ዘመድ ነው የሚሰጠው፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ደም ከዘመድ ከሆነ ጅማትም ከዘመድ ነው። ማንም አልተጠራጠረም። የቀረው ከየትኛው ዘመድ የሚለው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ ሦስት ሰዎች በበሩ ሲገቡ አየሁ። ፊት ፊት ያባቴ ታላቅ ወንድም፣ ቄሱ አጎቴ፣ በመስቀላቸውና በጥምጥማቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የሆኑልኝ እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣው የእናቴ ታናሽ ወንድም፤ እናቴ የእስቴ ልጅ ናት፣ ተድራ ነው ስማዳ የገባችው። ሦስተኛዋን ሳያት መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰለችኝ። እናቴ ናት። ያንን ዳገት ወጥታ! ዘልዬ ልነሣ ስል ጉልበቴ ትዝ አለኝ።

"እንዴት ወጣሽው እማ?"

"እያረፍሁ" አለችና ሳመችኝ። ስለ መንገዱ ሌላ ምንም አልወጣትም።

ሰላምታው ገና ሳያልቅ አጎቴ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በይ እንግዲህ" አሉኝ፣ "ነገሩን መንገድ ላይ ስናወጣ ስናወርድ ነው የመጣን። አጥንት ያባት ነው። ጉልበት ደግሞ አጥንት ነው። ስለዚህ ጅማቱ ተእኛ ወገን ነው የሚወሰድ። እኔን ሽማግሌ ነው ካሉ ልጆቼ አሉ።"

"ጅማት መቼ አጥንት ሆነ አባ?" አለ የእናቴ ወንድም። "በሬ ሲታረድ ጅማቱ ተሥጋው ጋር ነው የሚወጣ። ሥጋ ደግሞ የናት ነው።"

"ተሥጋው ጋር ይውጣ እንጂ ማን ይበላዋል? የማይበላ ነገር ሥጋ ይባላል?"

የእናቴ ወንድም ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰበሰበና ባቱን በጥፊ መታው። "ይሄን ይዩልኝ! ተእስቴ ደብረ ታቦር ድረስ በእግሩ ተመላልሷል። የናንተን ወገን እግር እናውቀዋለን፣ ተቅዳሴ መቆም ሌላ ምን ያውቃል?"

"ተቅዳሴ መቆምን ናቅኸው? እስቲ አንተ ቆመህ አሳየን!"

እኔ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አይደለም፣ ስሙኝ" ብል ማን ይሰማኛል። በዙሪያችን የነበሩት አስታማሚዎች ሁሉ ጆሯቸውን ጥለው ነበር፤ ጥቂት ቆይተው ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ እግሩ የተሰበረ ሰው ክራንቹን እያነሣ ለአባት ወገን ይሟገታል፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ ለእናት። እናቴ ብቻ ዝም ብላ ሁሉንም ታያለች። እኔ መጀመሪያ አፈርሁ። ከዚያ አየኋቸው፤ ገበያቸውንና ማሳቸውን ጥለው፣ ሰው እግሬን ይቆርጠኛል ሳይሉ፣ እኔ ልስጥ እኔ ልስጥ እያሉ የሚጣሉ ሰዎች። እንዲህ ያለ ጠብ ያለው ሰው ከእኔ ሌላ ማን አለ ብዬ ኮራሁ።

በዚህ መሃል ዶክተሩ ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ በአጠገባችን ሊያልፍ ሲል ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። "የኔ ልጅ፣ እስቲ አንተ ዳኘን። ጅማት ተአጥንት ነው ተሥጋ?"

ዶክተሩ ግራ ተጋብቶ ወደኔ ተመለከተ፣ እኔ ፊቴን ሸፈንሁ። "ሥጋን ከአጥንት ጋር የሚያስረው ነው አባ" አለ።

"በል!" አሉ ቄሱ። "በል!" አለ የእናቴ ወንድምም። ሁለቱም የረቱ መሰላቸው።

"እኛ የምንወስደው ግን ከራሷ ነው።"

ክራንች የያዘው ሰውዬ ክራንቹን አወረደ። ቄሱ፣ "ተራሷ ወስዳችሁ ለራሷ?" አሉ። "ታዲያ ምኑን ሰጣችኋት?"

ዶክተሩ እንደማይገባቸው ተማሪዎች ሊያያቸው ይችል ነበር። እሱ ግን አጠገባቸው ተቀመጠና፣ ሰውነት የሌላ ሰው አካል ሲገባበት እንደሚያንገራግር፣ የራሱን ግን እንደማይገፋ አስረዳቸው። እነሱም ነገሩ ገባቸው። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ሊያስደስታቸው ብሎ ይመስለኛል፣ "ሐሳባችሁ ግን ከንቱ አይደለም" ብሎ ጨመረ። "ሩቅ አገር ወላጅ ለልጁ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።"

እናቴ ቀና አለች።

"ወላጅ?"

"አዎ እናቴ። ግን እኛ ዘንድ አይደረግም።"

"ወላጇ እኔ ነኝ።"

"ያስፈልጋታል ብዬ አይደለም፣ የራሷ ይበቃታል ብለን…"

"ባይበቃስ? ቀጭን ናት። ስትወለድም ቀጭን ነበረች።"

ዶክተሩ የኔን ፊት አየ። ውሸት አልወደደም መሰለኝ፣ "ካነሰ ከሌላው እግሯ እጨምራለሁ" አላት።

"ሁለቱንም እግሯን ልታቆስሏት?" አለች እናቴ። ነጠላዋን አጣፋች፣ ተነሥታ የውሃ ቧንቧው ወዳለበት ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ ስገባ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየኋት። ልብሷን ቀይራለች፣ ጥርት ያለ ነጭ ቀሚስ ነው። እግሯ ንጹሕ ነው፣ ጫማዋን አውልቃ ጎኗ አስቀምጣዋለች። ደስታና ፍርሃት ተደባልቆብኝ ስለነበር ለምን ብዬ አልጠየቅኋት። "በርቺ" አለችኝ፣ እኔም ገባሁ።

ወገቤ ላይ በመርፌ ወጉኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ከወገብ በታች ያለው አካሌ የሌላ ሰው ሆነ። ፊቴ አጠገብ አረንጓዴ ጨርቅ ተወጥሮ እግሬን ከለለኝ። ነቅቼ ነው ያለሁት። ዶክተሩን አስቀድሜ ቃል አስገብቼዋለሁ፤ የሚሠራውን ሁሉ ሊነግረኝ።

"እሺ ቲቸር" አለኝ ከጨርቁ ወዲያ። "ዛሬ ተማሪዋ አንቺ ነሽ። ከጉልበትሽ ዝቅ ብዬ በውስጥ በኩል በጣሁ። ስስ ሽፋን አለ፣ ከሥሩ ሁለቱ አሉ። አገኘኋቸው። አንዱ ክብ ነው፣ ታናሹ እሱ ነው። ታላቁ ጠፍጠፍ ያለ ነው።"

"ቀጭን ናቸው?"

"ቆይ።"

ልቤ ሲመታ መሣሪያው ላይ ይታያል፤ ጢጥ ጢጡ ፈጠነ። የጅማቱን ጫፍ በክር ሰፋው፣ እንዲይዘው። ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ነግሮኛል፤ ከባዱ እሱ ነው። ጫፉ ላይ ቀለበት ያለው ረጅም ዘንግ አለ። ጅማቱን በቀለበቱ አሾልኮ ዘንጉን ወደ ላይ፣ በጭን ውስጥ፣ ጅማቱን ተከትሎ ይገፋዋል፤ ላይ ከጡንቻው ሲደርስ ይለቀዋል። ነገር ግን ታላቁ ጅማት ወደ ባት የሚሄዱ ቅርንጫፎች አሉት። አንዱ እንኳ ሳይቆረጥ ከቀረ ቀለበቱ መንገድ ስቶ ጅማቱን መሃል ላይ ይበጥሰዋል፤ አጭር ቁራጭ ደግሞ ታጥፎ አራት አይሆንም። እናም ጣቱን አስገብቶ ይፈልጋል።

"አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥሁ" አለ። "ሌላም አለ።" መቀስ ጠየቀ። "ይሄ ደግሞ ተደብቆ ነበር።" ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቶሎ በል እንጂ እለው ነበር፤ ያን ቀን ግን ባያልቅ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

"አሁን ልገፋው ነው።"

ሕመም የለም። ብቻ ከሩቅ፣ ከጭኔ ሥር አካባቢ፣ የሆነ ነገር ሲጎተት ይሰማኛል። ተጎተተ፣ ተጎተተ፣ ከዚያ ልቅ አለ።

"መጣ!" አለ ዶክተሩ። "ሙሉውን መጣ!"

ሁለተኛውንም አወጣ። አሳየኝ አልሁት። በሳህን አድርጎ ከጨርቁ በላይ ከፍ አደረገልኝ። የታጠበ ቃጫ ይመስላል፤ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ሥጋ የያዘ። ስንት ዓመት ሲያስሮጠኝ፣ ሲያዘልለኝ፣ አንድ ቀን ዓይን ለዓይን ያልተያየን ነገር! "ይሄ የኔ ነው?" አልሁ እንደ ሞኝ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ወሰደው፤ ሥጋውን ጠራርጎ አነሣለት፣ አጠፈው፣ ሰፋው፣ ወጠረው። ልኩ የሚታወቀው ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ብረት ነው፤ በየትኛው ቀዳዳ ጠበቅ ብሎ እንዳለፈ አይተው ነው ውፍረቱን የሚናገሩት።

"በሰባቱ ሞክሩት" አለ።

እግዚአብሔርን በስሙ ጠራሁት።

"በሰባቱ አያልፍም። በስምንቱ… በስምንቱ ጥብቅ ብሎ አለፈ። ስምንት ነው ቲቸር! ሌላው እግርሽ አይነካም!"

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እልል አልሁ። ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ተኝቼ፣ እግሬ ተከፍቶ፣ ከደረቴ የወጣ እልልታ። ነርሷ "ኧረ አትንቀሳቀሺ!" ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። ያን ጊዜ ከሁለት በር ወዲያ፣ ከኮሪደሩ፣ መልስ መጣ። እልልልል! የእናቴ ድምፅ ነው። ምን እንደተገኘ አታውቅም፤ እልልታ ሰማች፣ መለሰች። ዶክተሩ እጁን ከሥራው አንሥቶ ሳቁ እስኪያልፍለት ጠበቀ። ከዚያ ጉልበቴን በካሜራ እያየ፣ አጥንቱን በስቶ፣ አዲሱን ጅማት በቦታው አሰረው። ያን ሁሉ በስክሪን አየሁት።

ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከመካነ ኢየሱስ የመጣው አጎቴ ነገረኝ። እናቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጾም የለም፣ ረቡዕም አይደለም። እሱ ዳቦና ሻይ ሲያመጣላት "ቆይ፣ ይድረስ" ትለዋለች። ቀዶ ሕክምና የሚሠራለት ሰው ሳይበላ ነው የሚገባው ሲባል ሰምታለች። ያነሰ እንደሁ አንድ ሰው በሩ ላይ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት ብላ፣ እግሯን ታጥባ፣ ባዶ ሆዷን ተቀምጣ ነበር።

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ሌላ ነገር ነው የያዛት።

"ስምንት ማለት ይበቃል?" አለችኝ።

"ይበቃል እማ። ተርፎኛል።"

"እንግዲያው እንጀራ አምጡልኝ" አለች ወደ ወንድሟ ዞራ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ነው፣ ግን አላማርርበትም። ዶክተሩ አስጠንቅቆኛል፤ አዲስ የገባ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመጠንከሩ በፊት ይደክማል፣ አደገኛው ጊዜ ሰው ድኛለሁ ብሎ የሚዘልበት ነው። ችኩልነቴን ታግዬ ያሸነፍሁት በዚያ ዓመት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ተማሪዎቼ አሠልጣኞቼ ሆኑ። "ቲቸር፣ ገና ነሽ፣ መሮጥ አልተፈቀደልሽም!" እያሉ ፊሽካዬን ይነጥቁኛል። ደረጃ መውረድ ተለማመድሁ፤ በአንድ እግር መቀመጥ፣ በአንድ እግር መነሣት። እናቴ ያን ዳገት ከወጣች ወዲህ ጉልበቷ ባሰባት፤ ወርዳ ከገባች ዳግመኛ አልወጣችም። የምንገናኘው በዚያው በሚዋጥ ስልክ ነው።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ሲታጨድ፣ ዶክተሩ "ውረጂ" አለኝ። ልክ እንዲህ ነው ያለኝ፣ ውረጂ።

መኪናው አፋፉ ላይ አወረደኝና ተመለሰ። ቦርሳዬን አጠበቅሁ፣ ቁልቁል አየሁ። የመጀመሪያውን ጥምዝ ስጀምር ጆሮዬን ጉልበቴ ላይ ጥዬ ነበር፤ ሸርተት የሚል ነገር እጠብቃለሁ። የለም። የፊት ጭኔ ይይዛል፣ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ እግሬ ያርፋል። ጠጠሩ ሲሸሽ እንኳ ጉልበቴ አልሸሸም። ሁለተኛውን ጥምዝ አለፍሁ። ሦስተኛው ላይ ብቻዬን መሳቅ ጀመርሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አለቀብኝ ብል ይሻላል፤ ለመንገደኛው ሁሉ "እንዴት ዋላችሁ!" እያልሁ እየጮህሁ ወረድሁት። አንድ ገብስ የጫነ ሰውዬ አህያውን ወደ ዳር አደረገልኝ፣ እብድ የመጣበት መስሎት ይሆናል።

እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ልትቀበለኝ ወደ ፊት አልመጣችም። ዓይኗን ከእግሬ ላይ አልነቀለችም፤ ስደርስም መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ሳይሆን ጉልበቴን ነው። ጎንበስ ብላ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አገላብጣ ሳመችኝ።

"ተመስገን" አለች። "እንግዲህ ለቀብሬ ትደርሻለሽ።"

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። "እማ! ምን ማለትሽ ነው?"

"ምን ልል ነው? እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም። ተላይ የቀረ ሰው አለ ተብሎ ማን ይጠብቃል? አፋፉ ላይ ቆመሽ እጅሽን እያነሣሽ ልትቀሪ ነበር እኮ።"

ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ጉልበቴን ለበዓልና ለእሸት ስመኘው፣ እሷ የምታስበው ይሄን ነበር። ዳገቱን የወጣችው፣ ባዶ ሆዷን በሩ ላይ የተቀመጠችው ለዚህ ነው። ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ፊቱ እንዲህ በርቶ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ዕንባዬ ይወርዳል፣ እሷ እንደ ሙሽራ እናት ታበራለች። ልቀመጥ ስል ክንዴን ይዛ አስቆመችኝ።

"ቆይ፣ አልጨረስሽም" አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን በታች ነው፤ ወደዚያ የሚያወርደው መንገድ ከመጣሁበት ይብሳል። አባቴ የተኛው እዚያ ነው። በጣቷ አሳየችኝ። "እስቲ እሱንም ውረጂልኝ፣ ቆሜ ልይሽ።"

ቦርሳዬን ደጁ ላይ ጣልሁና ወረድሁ።